ልጄን ወደ ትምህርቱ ልመልስ ነቀምቴ የሄድኩ ጊዜ

የማኅበራችን ሴቶች በየደጁ እያስቆማችሁ ስለ ነቀምቴ ስትጠይቁኝ ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ መድገም ታከተኝ። ደግሞም በአፌ ስናገር ዋናውን ነገር እየዘለልኩ እንደሆነ ስላወቅሁት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ሴት ጽሕፈት ስለሆነ ስህተቱን እለፉልኝ።

የሄድኩት ልጄን ልጠይቅ ነው ብዬ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጄ ጌታቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ የሚባለውን ትምህርት ሦስት ዓመት ተምሯል። ፊዚክስ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ክብደት የሚጠናበት ትምህርት ነው፤ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ እንዲያስተምር ደንብ ስላለ እሱን ነቀምቴ ላኩት። በመስከረም ተመልሶ የመጨረሻውን ዓመት ሊማር ነበር። በግንቦት መጨረሻ ግን ይህ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «እማዬ፣ ጤነኛ ነኝ። በመስከረም ወደ ዩኒቨርሲቲ አልመለስም። እዚሁ አስተምራለሁ። አታስቢ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል የለበትም። ታመመ እንዳልል ጤነኛ ነኝ ብሏል። ሚስት አገባ እንዳልል ይህን ይደብቀኛል ብዬ አላምንም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ዓመት የለፋበትን ትምህርት ጫፍ ላይ አድርሶ ለምን እንደሚጥለው ፊቱን አይቼ ካልሆነ አይገባኝም ብዬ ለመሄድ ቆረጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ ስንቄ ዳቦ ቆሎና በሶ ብቻ ነበር። ጌታቸው ለብርድ እንዲደርበው ያሠራሁትን የሱፍ ባና በገመድ ጠፍሬ ይዣለሁ። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንጫነው ሲሉኝ ዝናብ ይመታዋል፣ ይሰረቃል ብዬ እምቢ አልኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ባናው ከአገጬ በላይ ስለነበረ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያየሁት ጥቁር ሱፍ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ የባለቤቴ እህት ቤት አደርኩ። ከማምሸቱ በፊት ብቻዬን ወጥቼ አራት ኪሎ ሄድኩና ዩኒቨርሲቲውን ከአጥር ውጭ ቆሜ አየሁት። ልጆቹ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱን «ጌታቸውን ታውቀዋለህ?» ልለው አሰብኩና ቀጥሎ ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ተውኩት። ዘበኛው መጥቶ «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። «ማንንም» አልኩትና ሄድኩ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ የወለጋው አውቶቡስ ተነሣ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ደበላ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ናቸው። ኦቦ ማለት በእነሱ ቋንቋ እንደ አቶ ያለ ነው። ባናዬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ባና ነው። ለልጄ።»

«ልጅዎ ወዴት ነው?»

«ነቀምቴ።»

«እንግዲያው እናቱ ልትቀቅለው ነው በሉኛ!»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከቤት ከወጣሁ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። እስከ አምቦ ድረስ አገሩ የእኛን ይመስላል። ከጉደር ወዲያ ግን ሌላ ነው። የእኛ አገር ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። እዚያ ዛፉ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ሐረጉ በዛፉ ላይ ተጠምጥሞ፣ አፈሩ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይታያል። ወደ ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ላቤ በባናው ላይ ተንጠባጠበ።

ኦቦ ደበላ አዩኝና በቁም ነገር መከሩኝ። «እዚህ ቆላው ላይ የወባ ንዳድ አለ። ትንኟ የምትፈለፈለው ከቆመ ውኃ ነው። ውኃ ከቆመበት ይራቁ፤ ልጅዎም ቢሆን በጓሮው ውኃ እንዳያስቀምጥ ይንገሩት።»

ይህን ነገር ልቤ ውስጥ ጻፍኩት። ነቀምቴ ወይና ደጋ እንደሆነች፣ ንዳዱም እዚያ እንደ ቆላው እንዳልሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከባኮ አልፈን ጥቂት እንደሄድን አውቶቡሱን ጭቃ ያዘው። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፣ እኛ ሴቶቹ ወርደን ቆምን። ጭቃው የእኛ አገር ጭቃ አይደለም፤ የእኛው ጥቁርና ከባድ ነው፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ያኛው ቀይና አንሸራታች ነው፣ ሰውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ባናውን ታቅፌ አንሸራተተኝና ቁጭ አልኩ። ባናውን ጭቃ አልነካውም፤ ቀሚሴ ግን እስከ ወገቤ ቀላ። ሲሬ ስንደርስ ቀኑ ስለመሸ ሾፌሩ እዚያው እናድራለን አለ።

ሲሬ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ምግብ የምትሸጥ ወይዘሮ ትሁኔ የምትባል የጎጃም ሴት ቀሚሴን አይታ «ነይ ግቢ እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ልብሴን አውልቃ የራሷን አለበሰችኝ፤ የእኔን አጥባ እሳት ዳር ሰቀለችው። ከዚያ መካከሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ አቀረበችልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ጾም ነኝ» አልኩ።

«የምን ጾም?»

«የሐዋርያት።»

ትሁኔ ማንካውን ይዛ ቆመች። «ወይኔ! አገሬ እያለሁ እጾመው ነበር። እዚህ ጎረቤቴ ሁሉ ወንጌላዊ ነው፣ የሚያስታውሰኝም የለ። ቀኑ ጠፋብኝ።» ገንፎውን አንሥታ ሽሮ ሠራችልኝ። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ መደብ ላይ ተኛች። በማግስቱ ስወጣ ቁርሷን አልቀመሰችም ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ነቀምቴ ገባን። የእኛ ሰዎች ለቀምት የሚሏት ናት። ከተማዋ በኮረብታ ላይ ተበትናለች። በየቤቱ ጓሮ ቡና አለ፤ እኛ ጓሮ ጎመን እንደምንተክለው ማለት ነው። ገበያው ውስጥ ሰው በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል፤ ወይም በአማርኛ ዋጋ ይጠራና በኦሮምኛ ይከራከራል። እኔ ግን ሰላምታውን እንኳ አላውቅም ነበር። በሰው መካከል ዝም ብሎ መሄድ እንዲህ እንደሚከብድ ከዚያ በፊት አላወቅሁም።

ትምህርት ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። አንድ አስተማሪ ወጥቶ አነጋገረኝ። «ጌታቸው ማክሰኞ ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይዞ ጊምቢ ሄደ። ዓርብ ይመለሳል» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በመንገድ ላይ ሳለሁ የማስበው ፊቱን ነበር። እዚያው የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪው ደነገጠና ባናዬን ተሸክሞ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር ጌታቸው ወደተከራየበት ግቢ ወሰደኝ።

የቤቱ ባለቤት አዴ ጫልቱ ይባላሉ። አዴ እንደ ወይዘሮ ያለ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረዥም፣ ዕድሜያቸው ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው «በጋ ነጋን ዱፍተን!» አሉኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ በአማርኛ «እናንተ የጌታቸው እናት ናችሁ?» አሉ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። በእነሱ ዘንድ የሚያከብሩትን አንድ ሰው እንደ ብዙ አድርገው ነው የሚጠሩት። ብቻዬን ቆሜ እናንተ ተባልኩ።

ስሜንም አልጠየቁኝም። «ሃዳ ጌታቸው» አሉኝ፣ የጌታቸው እናት ማለት ነው፤ እስክመለስ ድረስ በዚሁ ጠሩኝ። ጾም መሆኔን ስነግራቸው ለራሳቸው ከሠሩት ጎመን ለይተው ያለ ቅቤ ሌላ ቀቀሉልኝ። እሳቸው ወንጌላዊት ናቸው። ማዕዱ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ረዥም ጸሎት ጸለዩ። ከጸሎቱ ውስጥ የለየሁት አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ጌታቸው የሚለው።

ሐሙስ አዴ ጫልቱ ገበያ ሄዱ። እኔ ክፍሉን ላጸዳ ተነሣሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ የሞላባቸው ሁለት ሣጥኖች፣ አንድ ደብተርና ማስመሪያ ናቸው ያሉት። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። እናቱ ወይም አገሩ እንዳለው የሚያሳይ አንድም ነገር አላየሁም። ወለሉን ጠረግሁ፣ ልብሱን አጠብኩ፣ ባናውን አልጋው ላይ አነጠፍኩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጓሮው መካከል አንድ የዛፍ ጉቶ አለ። ጉቶው ላይ ቀጥ ያለ የቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጧል። ዙሪያውን እሾህ ታጥሮበታል። ዶሮ እንዳይደርስበት ነው ብዬ ገመትኩ፤ ለምን ዶሮ እንዳይደርስበት እንደተፈለገ ግን አላሰብኩም። ጣሳው ውስጥ ውኃ ቆሟል። የኦቦ ደበላ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ልጄ በሚተኛበት መስኮት ሥር የንዳድ ቤት! እሾሁን ገለጥኩና ትል ካለበት ልይ ብዬ ጣቴን አስገባሁ። ውኃው የመጀመሪያውን የጣቴን አንጓ አልፎ ነካኝ። ደፋሁት። ጣሳውን በአመድ ፈትጌ አጥሩ ላይ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ ሰቀልኩት።

ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ለልጄ አንድ ነገር ሠራሁለት ብዬ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንዲህ ይመታል ብዬ ብነግራችሁ አታምኑም፤ የእኛ ቤት ሣር ስለሆነ የዝናብን ድምፅ በዚህ ዓይነት አናውቀውም። ሰው ቢጠራችሁ አትሰሙም። የሚጠራኝም አልነበረም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጌታቸው መጣ። በጓሮው በኩል ነው የገባው። ከስቷል፣ ፊቱም ጠቁሯል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እማዬ!» አለ፤ ወዲያው ግን ዓይኑ ከእኔ ወደ ጉቶው ሄደ።

«ጣሳው የት ሄደ?»

«የቱ ጣሳ?»

«ጉቶው ላይ የነበረው።»

«አጥቤ ሰቀልኩት። ውኃ ቆሞበት ትንኝ ሊፈለፈል…»

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

መጥቶ ጉልበቴን ሳመኝ፣ እኔም አገላብጬ ሳምኩት። ግን ሰውነቱ እጄ ላይ እንደ እንጨት ደረቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ገባና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር ገለጠ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ቀንና አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ ከጥር መባቻ ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ።

«ዝናብ ነው» አለኝ። «በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጣሳው ውስጥ ስንት እንደዘነበ በማስመሪያ እለካለሁ። ጊምቢ ስሄድ ስመለስ የሦስቱን ቀን በአንድ ላይ ልለካ ትቼው ነበር።»

በመስኮቱ አጥሩ ላይ የዘቀዘቅሁትን ጣሳ አየሁት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «አውቀዋለሁ! ጣቴን ነክሬው ነበር። እስከዚህ ነው የደረሰው» ብዬ አሳየሁት። ጌታቸው እጄን ይዞ ማስመሪያውን ጣቴ ላይ አስተካክሎ አየ። እርሳሱን አነሣ። አሁን ይጽፈዋል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳሱ ወረቀቱን ሳይነካ ብዙ ቆየ። ከዚያ በሦስቱ ቀኖች ትይዩ «አልተለካም» ብሎ ጻፈ።

ተናደድኩ። «ለምን? እኔ እናትህ ውሸት እነግርሃለሁ? ማንስ ያየዋል?»

«አልዋሸሽም እማዬ። አንቺ ግን የፈለግሽው ትል ነው፤ ቁጥር አልፈለግሽም። ከደፋሽው በኋላ የዘነበውም መሬት ጠጥቶታል።»

«ለዚህ ነው ከትምህርትህ የቀረኸው? ለጣሳ ውኃ?»

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የተናገረው። ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲው የሙከራ ክፍል ውስጥ ክር ላይ የታሰረ ክብደት ሲወዛወዝ የሚፈጅበትን ጊዜ አሥር ጊዜ እንዲለካ ታዝዞ ነበር። ስድስት ጊዜ ለካ። ጊዜው አለቀበት፤ አራቱን ከራሱ ፈጥሮ ጻፈ። አስተማሪው ወረቀቱን አየና «እነዚህ ስድስቱ የሚለካ ሰው ቁጥሮች ናቸው፤ እነዚህ አራቱ ግን እርስ በርሳቸው በጣም ይስማማሉ» አለው። ዜሮ ሰጠው። አላባረሩትም፤ ሲመለስ ሙከራውን እንደገና እንዲሠራ ብቻ ነው የነገሩት። እሱ ግን ያንን ለማንም አልተናገረም። ለእኔም።

«ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳዋል» አለ። «እኔ ግን መጽሐፍ ባነሣሁ ቁጥር እነዚያ አራት ቁጥሮች ይመጡብኛል። አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳልዘል፣ አንድም ቁጥር ሳልፈጥር ከጻፍኩ ያን ጊዜ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።»

«ዓመቱ የሚሞላው መቼ ነው?»

«በጥር ነበር። ምዝገባው መስከረም ላይ ስለሆነ ቦታዬ ያልፈኛል። ያም ቢሆን ብዬ ነበር። አሁን ግን ተቋረጠ። ከነገ ጀምሬ እንደገና እቆጥራለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። ልጄን ለመመለስ ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ በገዛ እጄ እስከሚመጣው ሰኔ ድረስ አራዘምኩት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ባናው ላይ መሬት ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት አዴ ጫልቱ ሁለታችንን ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀምጠን አገኙን። ነገሩን ነገርናቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጌታቸው ላይ አፈጠጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሰማዩ የሚዘንበው ለአንተ ብቻ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ አዴ።»

«ይሄው ስድስት ወር በየጠዋቱ ስታጎነብስ አያለሁ። ጊምቢ ስትሄድ ለምን ጫልቱ ታንብብልኝ አላልክም?»

«ያስቸግርዎታል ብዬ…»

«ያስቸግራታል አላልክም፤ አታውቅም ነው ያልከው! እኔ በየጠዋቱ ወንጌል የማነብ ሴት በትር ላይ ያለ ቁጥር ማንበብ ያቅተኛል? መዝሙሩን በቁጥሩ አይደለም እንዴ የማወጣው?»

ጌታቸው ጆሮው ቀላ። አዴ ጫልቱ ቀጠሉ። «እናትህ ጣሳህን ደፋች። እሺ፣ ደፋች። ሳታውቅ ነው። ያላወቀችው ግን ስላልነገርካት ነው። ለእናትህ አልነገርክ፣ ለእኔ አልነገርክ፣ ብቻህን ልትለካ! አንተ ስትማር ዝናቡ ይቆማል? አንተ ሂድ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

እሱ ወዲያው እሺ አላለም። «እንሞክር» ነው ያለው። ጣሳው ተመልሶ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ማስመሪያው እንዴት እንደሚቆም፣ ዓይን ከውኃው ጋር እኩል እንዲሆን ጎንበስ ማለት እንደሚያስፈልግ አሳያቸው። ሁለቱም ለየብቻ አይተው በየወረቀታቸው ጻፉ፤ ከዚያ ገልጠው አስተያዩ። ቅዳሜ አንድ ሆነ። እሑድም አንድ ሆነ። እኔ ዳር ቆሜ ሁለት ሰዎች ጣሳ ላይ ሲያጎነብሱ አያለሁ። ልጄ ሲያስተምር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ድምፁ ቀስ ያለ ነው፣ አይቸኩልም። ያንን ድምፅ እኔ አላውቀውም ነበር፤ ቤት ውስጥ አውጥቶት አያውቅም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፈልጌ ሄድኩ። የሸዋና የጎጃም ሰዎች የሚሰበሰቡበት አለ። ቅዳሴው እንደ አገሬ ነው፣ ካህኑም የእኛኑ አነጋገር ይናገራል፤ ዓይኔን ብጨፍን ደብረ ብርሃን ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ይመለስ ብዬ ጸለይኩ። ከዚያ ግን የምጸልየው ለትምህርቱ ይሁን ወይስ ወደ እኔ እንዲቀርብልኝ ለራሴ ግልጽ ሳይሆንልኝ ወጣሁ። ስመለስ ጌታቸው ደብተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። «ቅዳሴው እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ትንሽ ልጅ ሳለ አፉ አያርፍም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹ ተለያዩ። እሱ አሥራ ሦስት ጽፏል፣ አዴ ጫልቱ አሥራ ሁለት።

«አዴ፣ ደግመው ይዩት» አላቸው ቀስ ብሎ።

«እኔ አይቻለሁ። ራስህ እይ። ዛሬ አላጎነበስክም፤ ከላይ ቆመህ ነው ያየኸው። አንተ አይደለህም እንዴ አጎንብሱ ያልከኝ?»

ጌታቸው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አየ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ ጉልበቱ ቀይ ሆኗል።

«አሥራ ሁለት ነው» አለ።

ከዚያ ሳቀ። ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቅ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አዴ ጫልቱ «ኤዬ!» ብለው፣ አዎን ማለት ነው፣ እጃቸውን አጨበጨቡ። እሱ ደብተሩን አውጥቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ፤ የራሱን አሥራ ሦስት ግን አልፋቀውም። አንድ መስመር አሰመረበትና ከጎኑ «የእኔ ስህተት» ብሎ ተወው። ከአራቱ ቁጥሮች የዳነው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፣ እሱ አልነገረኝም። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እማዬ፣ በመስከረም እሄዳለሁ። ለዩኒቨርሲቲው ዛሬ እጽፋለሁ።»

ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። አዴ ጫልቱ ትከሻዬን ይዘው «በቃ፣ ሃዳ ጌታቸው፣ በቃ» አሉኝ። ደብዳቤውን እዚያው ፊቴ ጻፈው፣ ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት አብረን ሄደን አስገባነው። እንግሊዝኛ ስለነበረ ምን እንዳለ አላነበብኩትም። ፖስታው ሣጥን ውስጥ ሲወድቅ ግን ድምፁን ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ የምመለስበት ቀን ነበር። አዴ ጫልቱ ያለ ቅቤ የተጋገረ የበቆሎ ቂጣና አንድ ቅል ማር ሰጡኝ። ማሩ ከጾሙ በኋላ ነው አሉኝ። እኛ ማርን አንጾመውም ብላቸው ደነቃቸው። አውቶቡሱ ጋ ጌታቸው ብቻ ሸኘኝ። ያሰብኩትን እዚያ ነገርኩት።

«አብረኸኝ ና። ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ሐምሌንና ነሐሴን ቤትህ ተቀምጠህ በመስከረም ትገባለህ።»

«ሐምሌና ነሐሴ? ዋናው ዝናብ እኮ ያኔ ነው እማዬ!»

ይህን ሲል ሰማዩን አየ። ደመናው ከጊምቢ በኩል እየመጣ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ልጽፈው አልችልም። እኔን ሲያይ እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። «ይሁን» አልኩት። ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። «ሂድ፣ ሰዓቱ ያልፍሃል» አልኩት። አዴ ጫልቱ ያነቡታል ብሎ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቆመ። ያን አልረሳለትም።

ስለ መመለሻዬ የምጽፈው ብዙ የለም። ሲሬን ያለፍነው ሳንቆም ነው። ከአጠገቤ የነበረችው ሴት እስከ አምቦ ተኝታ ሄደች። ባናው ስለሌለ ጭኔ ቀለለኝ፣ በመስኮቱም አገሩን ሁሉ አየሁት። የማሳየው ሰው ስላልነበረኝ ግን ብዙውን አላስታውሰውም።

ጌታቸው በመስከረም ተመዝግቧል፤ ሙከራውንም እንደገና ሠርቶ አልፏል። አዴ ጫልቱ በየሳምንቱ ሰባት ቁጥር በፖስታ እንደሚልኩለት፣ አንድም ቀን እንዳልዘለሉ ጽፎልኛል። የእኔ ሦስት መስመሮች ግን አሁንም «አልተለካም» እንዳሉ ናቸው።

እናንተም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ልጅሽ ተመለሰልሽ ወይ?» ስትሉኝ «ተመልሷል» የምላችሁ አራት ኪሎ መግባቱን ነው። ከአራት ኪሎ እዚህ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስካሁን አልመጣም።